አምና ላይ የቆመው ኮምፒውተር

መድኃኒት ቤቱ ከሐረር ግንብ፣ ከጁገል፣ በኤረር በር ወጥተው ቁልቁል ሲሄዱ፣ ሴቶች አትክልትና ማገዶ ዘርግተው ከሚሸጡበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። እኔና የኮሌጅ ጓደኛዬ አቦከር ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን የተበላሸ ኮምፒውተር እንጠግናለን፤ ለነጋዴዎችም የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንጭናለን። የዚያ መድኃኒት ቤት ሥራ ሁልጊዜ የእሱ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ድሬዳዋ የእህቱ ሠርግ ስለነበረበት ለእኔ ተወልኝ።

ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ነጠላቸው የማይዛነፍ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ተብለው የሚጠሩ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ሁለተኛ ሱቅ ከፍቻለሁ፤ ወዲያና ወዲህ ማለቱን ጉልበቴ አልቻለም። ቤቴ ቁጭ ብዬ የሁለቱንም ዕቃ በስልኬ ማየት ነው የምፈልገው» አሉኝ።

ለዚህ የሚሆነውን ተጨማሪ ጥቅል ሶፍትዌሩን ከሠራው የአዲስ አበባ ድርጅት ገዝተዋል። ጥቅሉ ብቻውን የሚሠራ ነገር አይደለም፤ በነበረው ሶፍትዌር ላይ የሚደረብና ሁለቱን ሱቆች በኢንተርኔት የሚያገናኝ ነው። እንዲህ ያለውን ብዙ ቦታ ጭኛለሁ። እስከ ምሳ እጨርሳለሁ ብዬ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ።

ኮምፒውተሩ ከመስታወቱ ባንኮኒ ጀርባ፣ መሬት ላይ፣ በካርቶን መሀል ተወሽቆ ነበር። ክዳኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ተጣበቀብኝ። የፈሰሰ ሽሮፕ ነው፤ ደርቆ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ እንደ ሙጫ ሆኗል። ማራገቢያው ያቃስት ስለነበረ መሀል ላይ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ከፈትኩት። ውስጡ የበረሮ መቃብር ነው። የሞቱት ክንፋቸው ከሽቦው ጋር ተጣብቋል፤ ያልሞቱት ወደ እጅጌዬ ሮጡ። መድኃኒት በሚሸጥበት ቤት! ሻሼን አፍንጫዬ ላይ አስሬ በብሩሽ ጠረግኩት። መድኃኒት ሻጯ፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት፣ ከባንኮኒው ሆና አየችኝና «አይዞሽ፣ እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበርኩ፤ ይለመዳል» አለችኝ።

ጥቅሉን መጫን ጀመርኩ። አረንጓዴው መስመር እየሞላ እየሞላ ሄደና ሊያልቅ ሲል ቆመ። «ጭነቱ አልተጠናቀቀም» የሚል መልእክት ከአንድ ረጅም ቁጥር ጋር ወጣ። ደገምኩት፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ይሆናል ብዬ የማይረባውን ሁሉ አጠፋሁ። ጸረ ቫይረሱን አቆምኩ። እንደ አስተዳዳሪ ሆኜ ገብቼ ሞከርኩ። ቀድሞ በግማሽ ተጭኖ የቀረ ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ፈልጌ አጸዳሁ። ምናልባት ፋይሉ ራሱ ሲወርድ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና ላወርደው ስል ደግሞ ኮምፒውተሩ ድረ ገጹን አልከፍትም አለ። ሌላም ሞከርኩ፤ አንዱም አይከፈትም።

«ኢንተርኔት የላችሁም እንዴ?» አልኳት መድኃኒት ሻጯን።

«ስልካችን ላይ ይሠራል። እሱ ላይ ከሠራ ግን ቆየ። ኔትወርኩ ነው አሉን።»

በራሴ ላፕቶፕ አውርጄ በፍላሽ አመጣሁለት። አሁንም እዚያው ቆመ። ያ መልእክት በወጣ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። በዚህ ሥራ የሚያናድደኝ ስህተቱ አይደለም፤ ምን እንደጎደለው የማይናገር ስህተት ነው። ገበያተኛው ደግሞ ከባንኮኒው ወዲያ ይገባል፣ ይወጣል። ሐኪም ከሚባለው ጋራ በኩል የመጡ አንዲት እናት ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ገቡ። ልጁ ትኩሳት ይዞታል፤ ጭንቅላቱ ትከሻቸው ላይ ወድቋል። ወረቀታቸውን ዘረጉ። መድኃኒት ሻጯ እኔን ፈቀቅ አድርጋ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፣ አየች፣ ከመደርደሪያው ሽሮፕ አወረደች።

«ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ በዚችው ማንኪያ። ጠርሙሱን ናጥ አድርገው፣ እናቴ» አለቻቸው።

«ይሽለዋል?»

«ይሽለዋል።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ይስጥሽ» ብለው ጠርሙሱን ሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ልጁ ሲወጣ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። እጄን አወዛወዝኩለት።

ከምሳ በኋላም ሳይሆን ሲቀር፣ አዲስ አበባ ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። አንዲት ቀልጣፋ ድምፅ ያላት ልጅ አነሳች።

«ኤረሩን ንገሪኝ» አለች። ቁጥሩን አነበብኩላት።

«ያላችሁት የት ነው?»

«ኤረር በር።»

«ኤረሩንማ ነገርሽኝ፤ ቦታውን ነው ያልኩሽ።»

«ቦታው ነው! ሐረር፣ ኤረር በር።»

ሁለታችንም ሳቅን። በዚያ ቀን ከልቤ የሳቅኩት እሱን ብቻ ነው። ከዚያ የስክሪኑን ሙሉ ፎቶ አንስቼ እንድልክላት ጠየቀችኝ። ላክሁላት። አይታው፣

«እህቴ፣ ኮምፒውተራችሁ አምና ላይ ነው ያለው» አለች።

«ምን ላይ?»

«በቀኝ በኩል ከታች ጥጉን እዪው። ቀኑና ወሩ ልክ ነው፤ ዓመቱ የአምና ነው። ጥቅሉ ዲጂታል ፊርማ አለው፣ የተፈረመው ዘንድሮ ነው። ኮምፒውተሩ ገና ያልተፈረመ ነገር ነው ያመጣችሁልኝ ብሎ ነው የሚመልሰው። ድረ ገጾቹም የማይከፈቱላችሁ በዚሁ ነው።»

ጥጉን አየሁት። እውነቷን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፊቴ ላይ ተቀምጦ አላየሁትም። የፈረንጅን ዓመት ደግሞ እኛ አገር ማን ልብ ይለዋል? በራሳችን አቆጣጠር ነው የምንኖረው፤ እዚያ ጥግ ያለው ቁጥር ከእኛው በዓመታት እንደሚራራቅ እናውቃለን፤ ዓይናችን አልፎት ይሄዳል። መጀመሪያ ያሰብኩት የሰዓቱ ባትሪ ሞቷል ብዬ ነው። ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር ግን ሰዓቱም ይዛባል። የዚህ ሰዓት እጄ ላይ ካለው ጋር በደቂቃ እንኳ አይለያይም። ዓመቱ ብቻ ነው ወደ ኋላ የሄደው።

አስተካከልኩትና ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። ሲነሳ ተመልሶ አምና ሆነ።

ዓመቱን ሆን ብሎ የሚመልስ ነገር አለ ማለት ነው። ኮምፒውተር ሲነሳ አብረውት የሚነሱትን ነገሮች አንድ በአንድ ስፈልግ አንዲት ትንሽ ፋይል አገኘሁ። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ ዓመቱን አምና ማድረግ። ስሟ የተሰጠው በእኛ ሱቅ አሰያየም ነው። የሱቃችን ስም የመጀመሪያ ፊደላት፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ የሥራው ዓይነት። ያንን አሰያየም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሥራችን እንዳይምታታ ብዬ። ከእኔ ሌላ እንደዚያ የሚጽፈው ጓደኛዬ ብቻ ነው።

ለምን እንዳደረገው ግን ያኔ ገና አልገባኝም ነበር። ፋይሏን አነሳሁ፤ ዓመቱን አስተካከልኩ፤ ጥቅሉን እንደገና ጫንኩ። አረንጓዴው መስመር ያለ አንዳች እንከን እስከ መጨረሻው ሄደ። ተሳካ የሚለው ጽሑፍ ወጣ። ሶፍትዌሩን ከፈትኩት።

ስክሪኑ ቀይ ሆነ። ዕቃው ሲታይ በጎኑ የሚያበቃበት ቀን አለ፤ ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት በቀይ ይጻፋል፤ ሽያጭም ይከለከላል። ከላይ እስከ ታች፣ ወደ ታች ስሄድ ደግሞ ሌላ ገጽ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የጨጓራ፣ የልጆች ሽሮፕ። አምና ቢሆን ኖሮ ሁሉም ደህና ነበሩ።

ቀና ስል መድኃኒት ሻጯ አጠገቤ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዘጊው» አለችኝ በለሆሳስ።

«ታውቂ ነበር?»

«እኔ የማውቀው ኮምፒውተሩ ካሳለፈው እንደምሸጥ ነው።»

ከመደርደሪያው ያንኑ ጠዋት ያየሁትን ዓይነት ሽሮፕ አወረድኩ። ጎኑ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል። በጥፍሬ ልጠው ጀመርኩ። ሙጫው ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ከሥሩ ቀኑ ነበር። ሁለተኛውን ጠርሙስ ላጥኩ፤ ዋጋው የተለጠፈው በትክክል ቀኑ ላይ ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። ስለ እንክብሎቹ ስጠይቃት፣ ከሳጥናቸው ወጥተው፣ ቀን የታተመበት ጫፋቸው ተቆርጦ እንደሚሰጡ ነገረችኝ። ያንን መቀስ የያዘው እጅ፣ ያንን ሁሉ ወረቀት የለጠፈው እጅ የማን ነው? ምራቄ መረረኝ። የልጁ ጭንቅላት እናቱ ትከሻ ላይ እንዴት ወድቆ እንደነበረ ትዝ አለኝና ወደ በሩ ሮጥኩ፤ ታች ድረስ ሴቶቹን እየጠየቅኩ ሄድኩ። ልጅ ያዘሉ እናት ብዙ ናቸው አሉኝ። አላገኘኋቸውም።

ስመለስ ባለቤቱ መጥተዋል። መድኃኒት ሻጯ ቤታቸው ደውላላቸው ነው። እኔ የተነሳሁበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀዩን ስክሪን ያያሉ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ፈገግ አሉልኝ።

«ጥቅሉ ገባ አይደል? ጎበዝ። አሁን ቀኑን እንደነበረ መልሺልኝ።»

«ጋሼ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ጊዜያቸው አልፏል።»

«ፋብሪካ የሚጽፈው ቀን ለጥንቃቄ ነው፣ ልጄ። መድኃኒት ወተት አይደለም፣ በማግስቱ አይጎመዝዝም። አገር ውስጥ መድኃኒት ጠፍቶ ሰው ሲንከራተት አታዪም? ባዶ እጁን ከሚመለስ ይህን ይዞ ቢሄድ አይሻልም?»

«ታዲያ ቀኑ ላይ ዋጋ ለምን ይለጠፋል?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንቺ የኮምፒውተር ሰው ነሽ፤ መድኃኒቱን ለእኛ ተዪልን። ጥቅሉም እንዲሠራ፣ ቀኑም እንደ ድሮው እንዲሆን የሚያደርግ ዘዴ አይጠፋሽም። ጓደኛሽ አንድም ቀን እንዲህ አስቸግሮኝ አያውቅም» አሉ።

«ሁለቱ አብረው አይሄዱም። እኔም አላደርገውም» አልኳቸው። ገመዴን መጠቅለል ጀመርኩ። ይህን ጊዜ ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን ቫይታሚን አውርደው በፌስታል አደረጉና ዘረጉልኝ።

«በይ ተዪው፣ አትቆጪ። ይህን ለእናትሽ ይዘሽላት ሂጂ፤ አቅም ይሆናታል።»

ያንን ፌስታል እስከ ዛሬ አልረሳውም። የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ በረሮውንም ጠርጌያለሁ። ግን ያ የአባት ፈገግታ፣ ያ ፌስታል፣ እናቴ ደግሞ ያንን ከምስጋና ጋር ስትውጠው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝና አስመለሰኝ። ፌስታሉን ሳልቀበል ወጣሁ። ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ግንቡ ሥር፣ የበላሁትን ሁሉ አወጣሁት። ማገዶ ከሚሸጡት አንዷ ውኃ አመጡልኝና «እርጉዝ ነሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ጓደኛዬ ከሠርጉ የተመለሰው በማግስቱ ነው። ሐልዋ ይዞልኝ መጣ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ስለ ሙሽሮቹ ሊያወራኝ ሲጀምር አቋረጥኩት።

«የኤረር በሩን ዓመት አምና ያደረግከው አንተ ነህ?»

ሐልዋውን መፍታቱን አላቆመም። «አገኘሽው? አቦ፣ ያቺ ነገርማ ትንሽ ፋይል ናት።»

«ለምን?»

«ሽማግሌው ሶፍትዌሩ ሽያጭ እየከለከለ አስቸገረኝ አሉኝ። አስተካከልኩላቸው።»

«መድኃኒት ነው እኮ!»

«እኔ ሰዓት ነው ያስተካከልኩት፤ መርዝ አልሸጥኩም። የሚሸጡት እነሱ፣ የምትሸጠው የተማረች ባለሙያ። እኔ ምን አውቄ?» ሐልዋ ቆርሶ አፉ ውስጥ ጨመረ። እያኘከ «አሁን አንቺ ደግሞ ነገር አታካብጂ» አለኝ።

የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። እናቱ ቤት የበላሁት እናቴ ቤት ከበላሁት አያንስም። ሱቁን ስንከፍት ግድግዳውን አብረን ነው የቀባነው። ጣቱ ላይ የቀረውን ስኳር ሲልስ ሳየው ግን ሰውየውን ከዚህ ቀደም አይቼው የማላውቅ መሰለኝ። ቢደነግጥ ኖሮ፣ ቢያፍር ኖሮ፣ ቢዋሸኝ እንኳ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ ሄጄ እናገራለሁ» አልኩት።

አሁን ማኘኩን አቆመ። «ለማን? ፋይሏ የሱቃችን ስም አለባት። አብረን ነው የምንጠፋው። ማን ደግሞ ሥራ ይሰጠናል? በዚህ ከተማ ነጋዴው ሁሉ ይተዋወቃል።»

«አውቃለሁ።»

«የተበደለ ሰው መጥቶ ከሰሰሽ?»

ትኩሳት ስለያዘው ልጅ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። እሱን እዚያ ሐልዋ ፊት ማንሳቱ ራሱ አስጠላኝ።

በዚያው ቀን መድኃኒት ወደሚቆጣጠረው ቢሮ ሄጄ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። አንድ ዝምተኛ ሰውዬ አዳመጡኝ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይጠይቁኛል። ፋይሏንም ማን እንደሠራት ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። ተቆጣጣሪዎቹ መድኃኒት ቤቱ ሲደርሱ መደርደሪያው ተጠራርጎ ባዶ ነበር። መድኃኒት ሻጯም «ኮምፒውተሩን የነካኩት ባለሙያዎቹ ናቸው፤ እኛ ምን እናውቃለን?» አለቻቸው። እኔን እያየች ነው የተናገረችው፤ አብሬያቸው ሄጄ ነበርና። ተቆጣጣሪዎቹ ግን ሞኞች አልነበሩም። ከጓሮው ያለውን መጋዘን አስከፈቱ። ካርቶኖቹ እዚያ ተደርድረው ተገኙ፤ አንዳንዶቹ ላይ አይጥ ሸንቶባቸዋል። የዋጋ ወረቀቱ ጥቅልና መቀሱ በአንድ ትሪ ላይ ተቀምጠዋል። ከቆሙት አንዱ አፍንጫውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። መድኃኒት ሻጯ ያኔ ብቻ አንገቷን ደፋች።

በሩ ታሸገ፤ መድኃኒቱ ተጭኖ ሄደ። ጓደኛዬ ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ፣ ማስጠንቀቂያም ተጻፈበት። ከዚያ በኋላ እኔና እሱ በአንድ ክፍል መቀመጥ አልቻልንም። ዕቃውን ተካፍለን ተለያየን። ክፍሉ ለእሱ ቀረ፤ እኔ እዚያው አቦከር ውስጥ ሌላ ጠባብ ክፍል ያዝኩ። እንዳለውም ሆነ፤ ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሸሹኝ። አንዱ ፊት ለፊት «አንቺ ኮምፒውተር ትሠሪያለሽ ወይስ ትሰልያለሽ?» አለኝ። ሌሎች ደግሞ፣ ከማላውቃቸው ሰፈሮች ሳይቀር፣ ስሜን ሰምተው የመጡ አሉ። አንዲት የልጆች ክሊኒክ ያላት ሐኪም ሥራዋን በሙሉ ሰጠችኝ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የተፈረደባቸውን ቅጣት ጨርሰው፣ ቤቱንም አስቀብተው፣ ሌላ ንግድ ከፈቱ፤ ዘይትና ዱቄት። ከተማው ረሳላቸው። እኔ የምረሳበትን መንገድ ግን አላገኘሁም። ፋርማሲ በገባሁ ቁጥር የዋጋውን ወረቀት እልጣለሁ፤ ሻጮቹ በግርምት ያዩኛል።

ባለፈው የጎረቤት ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ስገባ ቦታ የለም። ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው ፈቀቅ ብለው አግዳሚውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ነይ ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በይ።»

እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ አየኝ። ለቅሶ ቤት ጠብ አይነሳም፤ ተቀመጥኩ። ትከሻቸው ትከሻዬን ነካው፤ ነጠላቸው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አዲሱ ሱቅ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። እኔ ቂም አልይዝም። ነይና እዪልኝ።»

ይቅር የሚሉኝ እሳቸው ሆነው ቁጭ አሉ! ገላዬ ሁሉ ተሸማቀቀ።

«ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ ጋሼ» አልኩ፣ አጠገባችን ያሉት እንዲሰሙ ድምፄን ሳልቀንስ። ከዚያ ተነሳሁና ሴቶቹ ወዳሉበት ሄጄ፣ ወንበር ስላልነበረ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።